«እሳት በተራራው ላይ» እና የመካከለኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ትምህርት፤ በአንድ ምግባራዊ ተረት አቀራረብ ላይ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

በእንግሊዝኛ መማሪያ ገጾች ላይ ተረት በወጣ ቁጥር ከሥሩ ከሚደረደሩት ጥያቄዎች የመጨረሻው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ይኸውም «ከዚህ ተረት ምን ትማራላችሁ?» የሚል ነው። መልሱም እንደ ጥያቄው የተለመደ ነው። ተማሪው «ስግብግብነት መጥፎ ነው»፣ «እውነት ታሸንፋለች» ወይም «ብልሃት ከጉልበት ይበልጣል» ከሚሉት አንዱን ጽፎ ደብተሩን ይዘጋል። ይህን መልስ ለመስጠት ግን ተረቱን ማንበብ የግድ አያስፈልግም፤ ርእሱን ማየትና መምህሩ የሚወዱትን ዐረፍተ ነገር ማወቅ ይበቃል። ከዚህም የተነሣ ምግባርን ያስተምራል ተብሎ የገባው ተረት ምግባርንም ሆነ ቋንቋን ሳያስተምር ያልፋል።

ይህ ጽሑፍ ነገሩን በአንድ ተረት ላይ አድርጎ ይመረምራል። ለምርመራው የተመረጠው በእንግሊዝኛ «እሳት በተራራው ላይ» በሚል ርእስ የታወቀው የኢትዮጵያ ተረት ሲሆን፣ አቀራረቡ የሚታየው በድሬዳዋ ከተማ መካከለኛ ደረጃ፣ ማለትም በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ዐይን ነው። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው። ተረቱ በእርግጥ የሚናገረው ምንድን ነው? ድክመቱስ የት ላይ ነው? በሦስት የማስተማሪያ ቋንቋዎች ያደጉ ልጆች በሚገኙባት ከተማ የእንግሊዝኛ መምህር ምን ሊያደርግበት ይችላል?

ተረቱና መጽሐፉ

ተረቱ በዓለም ዙሪያ ሊነበብ የበቃው ሃሮልድ ኮርላንደርና ቮልፍ ሌስላው በ1950 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተረት ነው። ኮርላንደር ከሄይቲና ከምዕራብ አፍሪካም ብዙ ተረቶችን ያሰባሰቡ አሜሪካዊ ጸሐፊ ነበሩ። ሌስላው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ሲሆኑ በጉራጌ ቋንቋዎች፣ በግዕዝና ለድሬዳዋ ጎረቤት በሆነው በሐረሪ ቋንቋ ላይ ያዘጋጇቸው መዛግብተ ቃላት እስከ ዛሬ ድረስ የተመራማሪ መሣሪያ ናቸው። በዚያው ዘመን ራስል ዴቪስና ብሬንት አሽብራነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በኢትዮጵያ በመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ሲሠሩ የሰሟቸውን ተረቶች በ1959 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ አሳትመዋል። እንግዲህ የእንግሊዝኛ መምህር ከአገር ውስጥ የወጣ ምግባራዊ ተረት ቢፈልግ የሚያገኘው ከአገር ወጥቶ በሌላ ቋንቋ የተመለሰውን ነው።

የተረቱ ፍሬ ነገር እንደሚከተለው ነው። ከጉራጌ አገር በልጅነቱ ወደ አዲስ አበባ የመጣ አርሃ የሚባል ወጣት የአንድ ባለጸጋ ነጋዴ አገልጋይ ነው። ነጋዴው ሀብቶም ሁሉ ሞልቶለት የሚያደርገው ያጣ ሰው ነው። አንድ ብርዳም ሌሊት ከአሽከሩ ጋር ሲጨዋወት ሰው ያለ ምግብ፣ ያለ ውኃ፣ ያለ ልብስ፣ ያለ ብርድ ልብስና ያለ እሳት በሱሉልታ ተራራ ራስ ላይ ቆሞ ሊያድር ይችል እንደሆነ ያነሣል። ወጣቱ ይህን ቢፈጽም አሥር ኤከር ለም መሬት፣ ቤትና ከብት ሊሰጠው ይወራረዳል። አርሃ በነገሩ ተጨንቆ አንድ ሽማግሌ ወዳጁን ያማክራል። ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ ባለ ከፍተኛ ዓለት ላይ ሌሊቱን ሙሉ እሳት እንደሚያነዱለት፣ እርሱም ዐይኑን ከዚያ ብርሃን ሳይነቅል ስለ ሙቀቱና ስለ ወዳጁ እያሰበ እንዲያነጋ ይመክሩታል። እንደ ተባለውም ይሆናል። ሲነጋ ግን ጌታው እንዴት እንደ ቻለ ይጠይቀዋል፤ አርሃም በየዋህነት እውነቱን ይነግረዋል። ጌታው «እሳት ስላየህ ውሉን አፍርሰሃል» ይለዋል፤ ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል።

ሽማግሌው በዚህ አላበቁም። በወጣትነታቸው ያገለገሉበትን ቤት ጌታ ኃይሉን ሄደው ይማጠናሉ። ኃይሉ ታላቅ ግብዣ አዘጋጅቶ ሀብቶምንና ዳኛውን ከሌሎች ታላላቅ ሰዎች ጋር ይጠራል። ከማዕድ ቤት የወጡ ሽታ አዳራሹን ይሞላዋል፤ ምግብ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ተርበው፣ ተቆጥተው ምክንያቱን ሲጠይቁ ኃይሉ ከሩቅ የሚታይ እሳት የሚያሞቅ ከሆነ የምግብ ሽታም ሊያጠግብ እንደሚገባው ይነግራቸዋል። ፍርዱ ይገለበጣል፤ አርሃም መሬቱን ይቀበላል።

የተረቱ ዘመዶች

ይህ ተረት ብቻውን የቆመ አይደለም። በቱርክና በአካባቢዋ አገሮች በናስረዲን ሆጃ ስም የሚነገር ተመሳሳይ ታሪክ አለ፤ በብርድ ሌሊት ውጭ ያደረው ሰው ከሩቅ የሻማ ብርሃን በማየቱ ውርርዱን ይረታል፤ በኋላም ለወዳጆቹ ግብዣ ጠርቶ ድስቱን ከሻማ በላይ ርቆ በመስቀል ያስጠብቃቸዋል። በሕንድም ንጉሥ አክባርና ብልሁ አማካሪው ቢርባል የሚገኙበት ተረት በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ በዚያም ላይ ምግቡ ከእሳቱ እጅግ ርቆ ተሰቅሎ አይበስልም። የተረት ተመራማሪዎች በዓለም ተረቶች መዘርዝር ውስጥ ይህን ዓይነት ታሪክ በ1262 ቁጥር መዝግበውታል።

ለድሬዳዋ መምህር ይህ ዝምድና ባዶ ዕውቀት አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው የጂቡቲ የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰባት ጊዜ ሲሆን ከዚያ ወዲህ የኦሮሞ፣ የሶማሌ፣ የአማራ፣ የሐረሪ፣ የጉራጌና የሌሎችም ሕዝቦች ልጆች፣ ከውጭም ዐረቦች፣ ሕንዶች፣ ግሪኮች፣ አርመኖችና ፈረንሳዮች ተገናኝተውባታል። በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ በከዚራና በመጋላ የሚያድር ልጅ በቤቱ የሰማው ተረት ከቦምቤይ ወይም ከኢስታንቡል ዘመድ ሊኖረው እንደሚችል ቢነገረው አይደንቀውም። እንግሊዝኛውም በእንዲህ ያለ ክፍል የባዕድ ነገር ማስገቢያ ሆኖ መታየቱ ይቀርና ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተረት የሚለዋወጡበት ገበያ ሊሆን ይችላል።

የኢትዮጵያው ተረት ብልጫ

ዘመዶቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ አንድ ትልቅ ልዩነት ያሳያል። በቱርኩና በሕንዱ ተረት ክርክሩ የሚረታው በድስት ነው፤ ድስቱ ከእሳት ስለ ራቀ አይበስልም፤ ነገሩም በዐይን የታየ ማስረጃ ነው። በኢትዮጵያው ተረት ግን ማስረጃው የሚቀርበው በዳኛው ሆድ ውስጥ ነው። ዳኛው የፈረደው የብርድን ሌሊት ሳያውቅ ነበር፤ አሁን ራሱ ተርቦ፣ ሽታው እየጠራው፣ ከአዳራሹ መካከል ተቀምጦ ይፈርዳል። አማርኛ «የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም» የሚለው ምሳሌ ተረት በዚህ ግብዣ ላይ ሥጋ ለብሶ ይታያል። ስለሆነም ተረቱ ከስግብግብነት ይልቅ የሚናገረው ስለ ዳኝነት ነው፤ በሌላው ችግር ላይ ከመፍረድ በፊት ያን ችግር በጥቂቱም ቢሆን መቅመስ እንደሚያስፈልግ ያሳያል።

ይህ ለኢትዮጵያ ልጅ ቅርብ ነገር ነው። በጥንቱ የአገራችን ሙግት ባላጋራዎች በዳኛ ፊት በማር፣ በበቅሎ ወይም በፈረስ ይወራረዱ ነበር፤ የ«በላ ልበልሃ» ክርክርም የቋንቋ ችሎታ መፈተኛ መድረክ ነበር። በሶማሌ ዘንድ ሄር የሚባለው ልማዳዊ ሕግ፣ በኦሮሞ ዘንድ በጃርሳ የሚካሄደው ዕርቅ ለከተማይቱ ልጆች የሚታወቁ ናቸው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሕዝብ፣ ልጆቹ ስለ ፍርድ የሚናገር ተረት ሲያነቡ «ስግብግብነት መጥፎ ነው» ብለው እንዲያልፉት ማድረግ ከራሱ ቅርስ ማራቅ ነው።

የተረቱ ድክመትና የተረሳው ሰው

ተረቱን ማድነቅ ግን ጉድለቱን ከመመርመር አያግድም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ ተረቱ ውርርዱን ራሱን አይጠይቅም። ሥራ የፈታ ጌታ የአገልጋዩን ሕይወት ለመዝናኛው ሲያስይዝ ተረቱ ነገሩን እንደ ተራ ጨዋታ ያልፈዋል። ሁለተኛ፣ ፍትሕ የተገኘው በችሎት አይደለም። ሽማግሌው በድሮ ጌታቸው ደጅ ባይጠኑ፣ ጌታውም ታላላቆችን ለመጥራት አቅም ባይኖረው የአርሃ መሬት ቀርቶ ነበር። «እውነት ታሸንፋለች» የሚለው መልስ ይህን ይሸፍነዋል፤ በተረቱ ውስጥ እውነት ያሸነፈችው ትልቅ ሰው ስለ ቆመላት ነው። የቀን ሠራተኛ ወይም የቤት ሠራተኛ ልጅ ይህን ልዩነት ሳይነገረው ሊያየው ይችላል፤ መምህሩ ካላነሣው ግን ያየውን ይዞ ዝም ይላል።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ነጥብ ይህ ነው። ሽታና እሳት በእርግጥ አንድ ናቸውን? ሽታው እንግዶቹን ይበልጥ አስራባቸው፤ የሩቁ እሳት ግን አርሃን አጸናው። ሀብቶም እሳቱ ጠቅሞታል ማለቱ ፈጽሞ ሐሰት አይደለም። ሐሰቱ የጥቅሙን ዓይነት ማምታታቱ ነው። ገላውን ያሞቀ አንዳች ነገር አልነበረም፤ ያጸናው ከማዶ አንድ ሰው ስለ እርሱ እንቅልፍ አጥቶ እንጨት እየጨመረ መሆኑን ማወቁ ነው። ውሉ ደግሞ እሳትን እንጂ ወዳጅን አልከለከለም።

ከዚህ ላይ ሲደረስ ተረቱ አዲስ መልክ ይይዛል። በተለመደው አቀራረብ ጀግናው አርሃ ወይም ኃይሉ ነው። በሸለቆው ማዶ በዚያው ብርድ ሌሊቱን ያነጉትን፣ በፍርድ ቤት ሲረቱም ተነሥተው ሌላ ደጅ የመቱትን፣ በመጨረሻም ምንም ያልተቀበሉትን ሽማግሌ የሚያነሣ ጥያቄ ከተረቱ ሥር ብዙ ጊዜ አይገኝም። ምግባሩ ካለ ከዚህ ሰው ዘንድ ነው።

በድሬዳዋ ክፍል ውስጥ የሚያጋጥሙ እንቅፋቶች

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአፍ መፍቻ ቋንቋን የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ፣ እንግሊዝኛንም ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጥ የትምህርት ዓይነት አድርጎ ነበር። በድሬዳዋም አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞና ሶማሊኛ የማስተማሪያ ቋንቋዎች ሆነው ቆይተዋል። በኋላ በተዘረጋው የስድስት፣ የሁለትና የአራት ዓመት አወቃቀር 7ኛና 8ኛ ክፍል ራሱን የቻለ መካከለኛ ደረጃ ሆኗል። ይህ ደረጃ ተማሪው ከቃል ልምምድ ወደ ረዘም ያለ ንባብ የሚሸጋገርበት በመሆኑ ተረት እዚህ ላይ ቦታ አለው። ነገር ግን ይህን ተረት ይዞ ወደ ክፍል የሚገባ መምህር ቢያንስ ሦስት እንቅፋቶችን አስቀድሞ ማሰብ አለበት።

አንደኛው ብርዱ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ያለው የእንጦጦ ሰንሰለት 3000 ሜትርን ያልፋል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ በ6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ በሁለቱ ስፍራዎች መካከል ከ10 ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። በሙቀት ምክንያት በግቢ የሚያድር የድሬዳዋ ልጅ የተራራውን ሌሊት ፍርሃት ከቃሉ ብቻ አያገኘውም። በከተማይቱ ክረምትን የሚያስፈራው ብርድ ሳይሆን ጎርፍ ነው፤ በሐምሌ መጨረሻ 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎች የሞቱበት ጊዜ ይታወሳል። ስለዚህ ከንባቡ በፊት ደጋ ደርሶ የተመለሰ ተማሪ ያየውን እንዲናገር ማድረግ፣ ወይም የጂኦግራፊውን ስሌት በሰሌዳ ላይ መሥራት ጊዜ ማባከን አይደለም።

ሁለተኛው መለኪያው ነው። አሥር ኤከር ለተማሪው ባዶ ድምፅ ነው። ወደ አራት ሄክታር፣ በቀድሞው አለካክ የአንድ ጋሻ አንድ ዐሥረኛ ገደማ መሆኑ ሲሰላ ግን ለአንድ አገልጋይ ምን ያህል ሀብት እንደ ነበር፣ ጌታውም ለምን እንደ ሳሳ ይገባል።

ሦስተኛው ስምና ትውልድ ነው። ተረቱ አገልጋዩን ከጉራጌ አገር የመጣ ይለዋል፤ የነጋዴውም ስም የሌላ አካባቢ ስም ነው። ልዩ ልዩ ሕዝቦች በአንድ ወንበር በሚቀመጡበት ክፍል ይህን በቸልታ ማለፍ አደጋ አለው። ሀብታሙን ለአንድ ወገን፣ ድሀውን ለሌላው መስጠት የተረቱ ሐሳብ አይደለም። መምህሩ ስሞቹን ለመለወጥ መቻኮል የለበትም፤ ይልቁንም ተማሪዎቹ የተረቱን ሰዎች በሥራቸው እንዲለዩ፣ ጌታ፣ አገልጋይ፣ ዳኛና ወዳጅ እያሉ እንዲጠሩ ማድረግ ይሻላል።

የአቀራረብ ሐሳብ

ተረቱ በአራት ክፍለ ጊዜ ሊከፈል ይችላል። መጽሐፍ ለሁሉ በማይዳረስበት ክፍልም መምህሩ ጮክ ብሎ በማንበብና ጥቂት ቃላትን በሰሌዳ ላይ በመጻፍ ሊያካሂደው ይችላል።

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ንባቡ ውርርዱ ላይ ይቆማል። ተማሪዎች አምስቱን ክልከላዎች በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፤ እያንዳንዱ ክልከላ ምን እንደሚጨምርና ምን እንደማይጨምር ይከራከራሉ። «ዊዛውት» የምትለው አንዲት ትንሽ የእንግሊዝኛ ቃል ሙሉውን ሙግት እንደምትሸከም ያን ጊዜ ይታያቸዋል። የሰዋስው ትምህርት ከዚህ የበለጠ ምክንያት አያገኝም።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ንባቡ ከፍርዱ በፊት ይቆማል። ክፍሉ ለሁለት ተከፍሎ በ«በላ ልበልሃ» ሥርዓት አንዱ ለጌታው፣ ሌላው ለአገልጋዩ ይሟገታል። ክርክሩ መጀመሪያ ተማሪው በሚችለው ቋንቋ ይካሄድ፤ ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ከክርክሩ ሁለት ዐረፍተ ነገር መርጦ ወደ እንግሊዝኛ ያምጣ። ቅድመ ሁኔታን የሚገልጹት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገሮች በዚህ ሥራ ላይ ሳይጠሩ ይመጣሉ።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ግብዣው ይነበባል። ጥያቄው «ምን ትማራላችሁ?» መሆኑ ይቅርና «ዳኛው ሐሳቡን የለወጠው የትኛውን ነገር ባወቀ ጊዜ ነው?»፣ «ሽታና እሳት የሚመሳሰሉት በምን ነው? የሚለያዩትስ?»፣ «ሽማግሌው ለምን ነቅተው አደሩ?» የሚል ይሁን። እነዚህን ጥያቄዎች ንባቡን ያላነበበ ተማሪ ሊመልሳቸው አይችልም።

በአራተኛው ክፍለ ጊዜ ተማሪው በቤቱ ከሽማግሌ ወይም ከእናቱ የሰማውን የፍርድ ተረት በሚያውቀው ቋንቋ ይዞ መጥቶ በስድስት ወይም በስምንት የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይጽፋል። የአማርኛው፣ የአፋን ኦሮሞውና የሶማሊኛው ተረት በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚገናኙት በዚህ ሥራ ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ለቋንቋ እንጂ ለምግባር አይደለም የሚሉ ይኖራሉ። በመሠረቱ ትክክል ናቸው፤ ግን ከላይ እንደ ታየው በዚህ ተረት ላይ ምግባሩ የሚገኘው ቋንቋውን በጥንቃቄ በማንበብ ነው። ምግባሩን ከንባቡ ነጥሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚያስጽፈው መምህር ሁለቱንም ያጣል። በኢሶፕ ስም ከሚታወቁት ተረቶች ሥር የምናያቸው ምክሮች እንኳ ብዙዎቹ ተረቱን ካሰባሰቡት ሰዎች የተጨመሩ ናቸው፤ ተረቱ ያለ እነርሱ ቆሞ ይኖራል።

አራት ክፍለ ጊዜ ለአንድ ተረት ይበዛል የሚሉም አሉ። በተማሪ ብዛትና በይዘት ጫና ላለው መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አንድን ተረት በጥልቀት ማንበብ አራት ተረቶችን ከመገልበጥ ይሻላል፤ ጊዜ ከጠፋም ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ብቻቸውን ሊሰጡ ይችላሉ።

ለዕቅድ አውጪዎች

መምህሩ ይህን ቢያደርግም ፈተናው ካልተለወጠ ድካሙ አይዘልቅም። የ8ኛ ክፍል ፈተና ስለ ተረት ሲጠይቅ ከአራት ምክሮች አንዱን የሚያስመርጥ ከሆነ ክፍሉም አራት ምክሮችን ያስጠናል። ከምንባብ ሥር የሚወጡ ጥያቄዎች ከንባቡ ማስረጃ የሚያስፈልጉ ይሁኑ፤ ለምሳሌ አንድ የተረቱ ሰው ሐሳቡን የለወጠበትን ዐረፍተ ነገር ማስለየት በምርጫ ጥያቄም ይቻላል። የመምህራን ማሠልጠኛዎችም ዕጩ መምህራን ከተረት ሥር ጥያቄ የሚጽፉበትን፣ ጥያቄዎቹም ያለ ንባብ ሊመለሱ የሚችሉ መሆናቸው የሚፈተንበትን ልምምድ ቢያስገቡ ወጪ የሌለው ማሻሻያ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፤ ጥያቄውን ተረቱን ላላነበበ ሰው ሰጥቶ ከመለሰው መጣል ነው።

ማጠቃለያ

«እሳት በተራራው ላይ» ከሰባ ዓመት በላይ በእንግሊዝኛ ሲነበብ የኖረ የአገር ልጅ ነው። ጉድለት አለበት፤ ጉድለቱም ለትምህርት የሚጠቅም ነው። በድሬዳዋ ክፍል ውስጥ ሲቀርብ ልጆቹ እንዲወስዱት የሚፈለገው በሰሌዳ ላይ የሚጻፍ ምክር ሳይሆን ሦስት ልማድ ነው፤ የውልን ቃል በጥንቃቄ ማንበብ፣ ከመፍረድ በፊት የሌላውን ብርድ ማሰብ፣ ከማዶ ሆነው ነቅተው ያደሩትን አለመርሳት። እነዚህን የያዘ ተማሪ በመጨረሻ «ከዚህ ተረት ምን ተማርህ?» ቢባል መልሱ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለበጥ አይሆንም።